አሰገደችና የልጇ እንቅልፍ

አክስቴ አሰገደች ባሏን ስትቆጣ እንኳ በአንቱታ ነው። «መሪጌታ፣ አሁንስ አበዙት!» ስትላቸው የማያውቃት ሰው ልትመርቃቸው የጀመረች ይመስለዋል። እሳቸው ግን ያውቋታል። መሪጌታ አምደሚካኤል በዲማ ዙሪያ ስማቸው የተከበረ፣ ማኅሌት ሲቆም ቀኝ ጌታውም ግራ ጌታውም ዓይን ዓይናቸውን የሚያያቸው ሰው ናቸው። ቤታቸው ሲገቡ ግን ያቺ ቀጭን ሴት እምቢ ካለች አለቀ። እኔ የእኅቷ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን የነገረችኝ እሷው ናት። እሷ ደግሞ ወሬ ለማሳመር ብላ የምትጨምር ሴት አይደለችም።

ይታያል የመጨረሻ ልጃቸው ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ቅኔ ቤት ሰደዱት፤ ጎበዝ ተማሪም ወጣው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ለፋሲካ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጣና እንቅልፍ የሚባል ነገር እምቢ አለው። ቁጭ ሲል ቅኔ፣ ሲሄድ ቅኔ። ከአጭሩ ከጉባኤ ቃና እስከ ረጅሙ መወድስ ሳይተነፍስ ይዘርፈዋል። ገበያ መሐል ቆሞ ለጨው ነጋዴ ያሰማል፤ ማሳ ዳር ቆሞ ለሚያርስ ሰው ያሰማል። እህል አይቀምስም። ጎረቤት አጥቢያ ያሉ ካህናት ሳይቀሩ እየመጡ አዳመጡት፤ ወጣቶቹ በስልካቸው ቀረጹት። «አብሾ ቀምሷል» ተባለ። አብሾ የቆሎ ተማሪዎች አእምሮ ይከፍታል ብለው ተደብቀው የሚጠጡት ቅጠል ነው። እኛ ዘንድ አንድን ልጅ አብሾ አለበት ማለት ግማሹ ሐሜት፣ ግማሹ ቅናት ነው።

ሌላ አገር ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ ወላጅ ይጨነቃል። እኛ አገር ልጁ የቅኔ ተማሪ ከሆነ እልል ይባላል! መሪጌታም ደረታቸውን ነፍተው ሰነበቱ። እልል ያላለችው አሰገደች ብቻ ነበረች።

«ቅኔውስ ይሁን፤ እህሉስ? እንቅልፉስ?» ትላለች። «ዓይኑን እስቲ እዩት። ያየኛል፣ ግን አያየኝም።»

የሰማት አልነበረም። ቆይቶ ይታያል ያባቱን በሬ ከበረት ፈትቶ ለማያውቀው መንገደኛ ሰጠ። ዓለምን ሁሉ እንዳስተምር ታዝዣለሁ አለና ደግሞ ጠፋ። የተገኘው ከደጀን በታች፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። መሐል አስፋልት ቆሞ ለጭነት መኪኖች የመጻሕፍት ትርጓሜ ያስተምር ነበር። አንድ ሾፌር ፍሬን ይዞ ወረደና ለምኖ ጋቢና አስገባው፤ ደጀን አውጥቶም ለአባቱ ደወለ። ያን ሾፌር እግዜር ይስጠው።

ጠበል ወሰዱት። አክስቴ በጠበል ታምናለች፤ እኔም አምናለሁ፤ እዚህ ላይ የሚያሾፍ ከእኔ ጋር ይጣላል። ይታያል ግን ከጠበሉም ቦታ አጥር ዘሎ ጠፋና ዳግመኛ ወደዚያው መንገድ ሲሄድ ተያዘ። ያኔ አሰገደች ማንንም አላማከረችም። በአውቶቡስ ጭና እኔ ቤት አመጣችው። መሪጌታም እያጉረመረሙ ተከተሏት።

ሆስፒታል ወሰድኋቸው፤ የአእምሮ ሐኪሙ ዘመነ የሚባል ወጣት ነው። ልጁን ለብቻው፣ ወላጆቹን ለብቻ፣ በኋላም ሁሉንም አንድ ላይ አነጋገረና ሕመሙ ባይፖላር እንደሚባል ነገራቸው። «ሐሳቡ አንዳንዴ እንዲህ ይፈጥንና ልጓም ያጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወድቆ አልነሣም ይላል። መድኃኒት አለው። ምናልባት ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነው» አላቸው።

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያ ቅኔው በሽታ ነው ልትለኝ ነው?»

«ቅኔውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ የኔታ» አለ ዘመነ። «እኔ የማውቀው ሰው ሳይተኛ እንደማይዘልቅ ነው።»

ኪኒኑን ተቀብለው እኔ ቤት ተመለሱና ልጁን ሳያስጀምሩት ተከራከሩ። መሪጌታ የሚፈሩት የሚፈራ ነገር ነበር። እብድ የተባለ ስም አይታጠብም። ነገ ማን ልጁን ይድርለታል? ማን ማኅሌት ያስቆመዋል? ደግሞም እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመኙት የኖሩት ቅኔ በልጃቸው አፍ ላይ ፈስሷል፤ እንዴት በገዛ እጃቸው ይድፈኑት?

አሰገደችም ፈርታለች። ጀግና ናት ብዬ አልዋሻችሁም። «ቢያደነዝዝብኝስ? ልጄን በእጄ ባጠፋውስ?» እያለች ኩሽናዬ ውስጥ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወጣችና ባሏ ፊት ቆመች።

«መሪጌታ፣ ይስሙኝ። ያ ሾፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ ተዝካር እንደግስ ነበር። እርስዎ ባለቅኔ ወልደው ይሆናል። እኔ ልጅ ነው የወለድሁ።»

ይታያል ዋጠ። ተኛም። አክስቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲተነፍስ ስታይ ዋለች፤ ለቡና እንኳ ብጠራት አልነሣም አለች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አገራቸው ተመልሰው ክረምት ሲገባ ልጁ ፈዘዘ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠሩት ቆይቶ ነው የሚሰማው፣ ጥግ ይዞ ይውላል። መሪጌታ «ይኸው ገደላችሁት!» አሉና ከሚስታቸው ጋር መነጋገር ተዉ። መንገዱ በክረምቱ ተዘግቶ ነበር፤ በተከፈተ ዕለት አሰገደች ልጇን ይዛ ደብረ ማርቆስ ገባች። እኔም አብሬያት ሄድሁ። ዘመነ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠችና፦

«ልጄ፣ በሽታውን አውጣልኝ አልሁህ እንጂ ልጁን አውጣልኝ አልሁህ?» አለችው። «ግንድ አድርገህ ሰጠኸኝ። ይህን ሳታስተካክል ከዚህ ወንበር አልነሣም።»

ዘመነ አልተቆጣም። ይታያልን መረመረ፣ ደሙን አስመረመረ፣ አንዱን ኪኒን በሌላ ለወጠ፣ መጠኑንም ቀነሰ። በድንገት ማቋረጥ ግን እንደሚጥለው ደጋግሞ አስጠነቀቃት። ቀስ በቀስ ልጁ ተመለሰ። አረም አረመ፣ ከእኅቶቹ ጋር ተቃለደ፣ እናቱን ስታየው አያት። ቅኔ ብቻ አልመጣም።

የኅዳር ሚካኤል ደረሰ፤ የደብራቸው ንግሥ ነው። አያ ይስማው፣ የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር፣ መሪጌታን ለብቻቸው ያዟቸው። ለበዓሉ ብቻ፣ ለጥቂት ቀን፣ ኪኒኑ ይቁም፤ ሕዝቡ የይታያልን ቅኔ ይጠብቃል አሏቸው። መሪጌታ እሺም እምቢም አላሉም። ወሬው በይታያል ጆሮ ገባና ወደ እናቱ መጣ።

«እናቴ፣ ይናፍቀኛል» አላት። «ሲመጣ ሰማይ የተከፈተ ያህል ነው።»

«ይናፍቅህ» አለችው። «እኔም አንተ ቁመህ ሳለህ ናፍቀኸኝ ነበር። የምትውጠው አንተ ነህ፤ መንጋጋህን ፈልቅቄ አልግትህም። ግን ንገረኝ፣ ወደዚያ መንገድ መመለስ ትፈልጋለህ?»

አልፈልግም አላት። ኪኒኑን አላቋረጠም።

ለበዓሉ እኔም ሄጄ ነበር። ማኅሌቱ ላይ ይታያል ተጠራ። ቆመ፤ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። እጅ ነሥቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። ሌላ ተማሪ ተተካ። መሪጌታ መቋሚያቸው ላይ አቀርቅረው ቀሩ። እኔ ሴቶቹ በኩል ሆኜ አየሁት።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀመጥን፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። አያ ይስማው በዋንጫ ጠላ ሞልተው ይታያል እጅ ላይ አስጨበጡ። ሐኪሙ መጠጥ እንደከለከለው መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ጠጣ!» አሉት ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ያን ኪኒን ጣልና ይህን ጠጣ፤ ምላስህ ይፈታል!»

ሰው ሳቀ። አሰገደች ተነሣች። ሴት የማታልፈውን መሐል አልፋ ወንዶቹ ረድፍ ውስጥ ገባችና አያ ይስማው ፊት ቆመች።

«አያ ይስማው፣ ልጄ ሲያብድ አጨበጨባችሁ፤ ሲድን አዘናችሁ። ደጀን መንገድ ላይ መኪና ሊበላው ሲል ከናንተ ማን ነበር? ቅኔ ካማራችሁ እናንተው ዝረፉ፤ አፍ አላችሁ። ልጄን ግን ለመስማት ብላችሁ አታሳብዱብኝም!»

ሰው ሁሉ ወደ መሪጌታ ዞረ፤ ሚስታቸውን ገሥጸው እንዲያስቀምጧት ነው የሚጠብቀው። መሪጌታ ተነሡ። ወደ ልጃቸው ሄዱ፣ ዋንጫውን ከእጁ ተቀበሉና አያ ይስማው ፊት መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ ታሟል» አሉ። እስከዚያ ቀን ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማ አልነበረም። «ታሟል፤ መድኃኒት ይወስዳል። ዛሬም ይወስዳል፣ ነገም ይወስዳል። እስቲ ውኃ አምጡለት።»

ማንም አልተነሣም። የበዓል ካባቸውን እንደ ለበሱ ራሳቸው ሄደው ከውኃው ጋን ቀዱ፤ ልጃቸው ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ እስኪውጥም አጠገቡ ቆሙ።