ጎርፉ የወሎ፣ ቦዩ የእኛ

ሰመራ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመስኖ ቡድን መሪያችን ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ከዱብቲ በላይ ያለውን የአንድ ደረቅ ወንዝ ተፋሰስ እንዳወጣ አዘዘኝ። ማራገቢያው አይሠራም ነበር። ላቤን እየጠረግኩ ገባሮቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ተከተልኩ።

ተፋሰሱ ክብ ነው። ረዘም ያለ ቢሆን ጎርፉን በየተራ ይልክ ነበር፤ ክብ ሲሆን ግን ገባሮቹ እንደ መዳፍ ጣቶች አንድ ቦታ ይገናኙና ውሃው በአንዴ ይደርሳል። የላይኛው ጫፉ ደግሞ የወሎ ተራራ ነው። ከአዋሽ ውሃ የሚያመጣው አዲሱ ዋና ቦይ ወንዙን የሚያቋርጠው ልክ ከመገናኛው በታች ነበር። ጎርፉ ከቦዩ ሥር በጠባብ ቱቦ እንዲያልፍ ታስቦ ነበር።

የቱቦው ስፋት የተወሰነው በሰመራ ዝናብ መጠን ነው። ወንዙ የሚሞላው ከወሎ በሚመጣ ውሃ ነው፣ ቱቦው ይስፋ ብዬ ለቡድን መሪው ነገርኩት። ሳቀብኝ።

"እዚህ አገር ዝናብ አይተህ ታውቃለህ?"

ሥራው ይዘገያል ብሎ ካርታዬን ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረው፤ ቦዩም በዚያው ጠባብ ቱቦ ተሠራ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ፋጡማ ከቦዩ አጠገብ ማሳ የተሰጣት አፋር ናት። ድርቅ ያስተረፈላትን ፍየሎች ሸጣ በቆሎ ዘራች። ቦታው እንደሚያሰጋ ነግሬያት ነበር። ሌላ መሬት ግን ማን ይስጣት?

ነሐሴ ላይ፣ የሰመራ ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ፣ ወሎ ዘነበ። ጎርፉ ቱቦው አልበቃው ብሎ ቦዩን ደረመሰና የፋጡማን በቆሎ ከነአፈሩ ጠራርጎ ወሰደው።

ቡድን መሪው ሰዉን ጥላ ሥር ሰብስቦ ይህ የአላህ ሥራ ነው፣ ሶብር አድርጉ አለ። ፋጡማ ተነሳች። አማርኛን ገበያ ላይ ነው የተማረችው፤ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ትላለች።

"ዝናቡን አላህ አወረደ፣ አልሐምዱሊላህ። ቦዩን ማን ቆፈረ? አንተ ነህ።"

ቡድን መሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ ባለሙያ ነህና አስረዳቸው አለኝ። አስረዳሁ። መዳፌን ዘርግቼ ውሃው የት እንደሚገናኝ፣ ቦዩ በየት እንደሚያልፍ፣ ቱቦው የማን ዝናብ ታይቶ እንደተመረጠ በጣቴ አሳየኋቸው። እስከዚያ ድረስ ያለ አግባብ ዝም ብዬ ከርሜ ቢሆን እንኳ ያን ቀን ዝም አልልም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ወደ መልካ ወረር ተዛወርኩ። ቦዩ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቱቦ ተጠገነ። ፋጡማ ዳግም አልዘራችም፤ ሎግያ ላይ ለጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ሻይ ትሸጣለች።

አዲስ ለምትቀጠሩ፦ ቱቦ ከመምረጣችሁ በፊት ተፋሰሱን እስከ ጫፉ ተከተሉ። ዝናቡን ቢሮአችሁ ካለበት ከተማ አትለኩ።