ከሞጣ ያመጣሁት ፕላዝማ

ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም የምለው፤ ቢቸና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሜ ፊዚክስ ሳስተምር ደህና ሰው ነኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን ክዳን ከድስት ላይ ቢወድቅ ዘልዬ እነሳለሁ። ፈሪ ያደረገችኝ እናቴ ናት። ወይም የእናቴ ልብ ልበል።

ታላቅ ወንድሜ ሩቅ አገር ሥራ ላይ እያለ ሲሞት መርዶው የደረሳት በስልክ ነው። በወጉ ቢሆን ሽማግሌዎች ማልደው መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ዙሪያዋን ከበው ነበር የሚነግሯት። የደወለው ሰው ግን የሰማች መስሎት ማጽናናት ጀመረ። ስልኩን እንደያዘች ወደቀች። ደብረ ማርቆስ ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም መድኃኒቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ኮሪደር ላይ ነጥሎ አቆመኝና፣ "ይህ ልብ ሌላ ድንጋጤ አይችልም፤ ከአሁኑ ዕወቀው" አለኝ።

የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። ስልኳን ወሰድኩባት። የውጭውን በር ማንም እንዳይደበድብ፣ ድምፁን አሰምቶ ቀስ ብሎ እንዲገባ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ለቅሶው ሳይጀመር እሷን ይዤ አምበር የተዳረችው እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ በዚህ ይቀየሙኛል፤ ለቅሶ የማይደርስ ምን ሰው ነው ይላሉ። ይበሉ።

ዳገት እንዳትወጣ ስለተከለከለች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀረባት። ያ ደግሞ በሌላ በኩል ይገድላት ጀመር። ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ ጣራ ታያለች፤ ምግብ ሲቀርብላት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትተወዋለች። ቅዳሴውንም ክብረ በዓሉንም አልጋዋ ላይ ሆና እንድትከታተል ቴሌቪዥን ልገዛላት ቆረጥኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲሱን ቀጭን ቴሌቪዥኑን ለሙከራ አዋሰኝ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ አልጋዋ ጥግ ይዟል፤ የምታየው በጎን ነው። በጎን ሲታይ ደግሞ ያ ቀጭን ነገር ቀለሙ ይገረጣል።

"ቄሱን አመድ ማን ነፋባቸው?" አለችኝ። ዓይኗም ደከም ያለ ነበርና ጥቂት ታግላ ፊቷን አዞረች።

ፕላዝማን ያሰብኩት ያኔ ነው። እኔና ፕላዝማ የቆየ ጠብ አለን። ትምህርት ቤታችን ውስጥ በየክፍሉ በብረት ሳጥን ተቆልፎ የሚያስተምረው እሱ ነበር፤ እኔ አምስት ደቂቃ አስተዋውቄ ስጨርስ እሱ በእንግሊዝኛ ያወርደዋል፣ እኔ እንደ ዘበኛ ጥግ ይዤ እቆማለሁ። አልወደውም ነበር። ምስሉን ግን ማማት አልችልም። መጨረሻው ወንበር ላይ ጥግ የያዘውም ተማሪ መሃል እንደተቀመጠው አንድ ዓይነት ነው የሚያየው፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ የሰው ፊት የሰው ፊት ነው።

ችግሩ፣ ፕላዝማ ከገበያ እየወጣ ነበር። ቢቸና ብጠይቅ የለም፤ ደጀን ያሉ ነጋዴዎች ሳቁብኝ። በመጨረሻ ሞጣ ውስጥ ከአባታቸው የወረሱትን ሱቅ የያዙ አንድ ሐጂ አንድ እንደቀራቸው በሰው በሰው ሰማሁና በገበያ ቀን ማልጄ ሄድኩ። እናቴን ለጎረቤታችን ሴትዮ አደራ ሰጥቼ፣ የት እንደምሄድ፣ ምን ይዤ እንደምመለስ ለራሷም አንድ በአንድ ነግሬያት ነው የወጣሁት። በድንገት የሚደርስባት ነገር እንዲኖር አልፈለግሁም፤ ደስታም ቢሆን።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ከጀርባ ክፍል አውጥተው ከፈቱልኝ። ከእነዚያ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጥቁሩ ደግሞ ጉድጓድ ነው። በስተቀኝም በስተግራም ጥግ ድረስ ሄጄ አየሁት፤ ወንበር ለምኜ እንደ እናቴ ጋደም ብዬም አየሁት። ሐጂ እያዩኝ ፈገግ አሉ።

"መምህር፣ እውነቱን ልንገርህ" አሉኝ። "ይሄ ምርጡ ነው፤ ግን ያለቀለት ነው። ፋብሪካዎቹ ትተውታል። ከእንግዲህ ሌላ አይመጣም፣ መለዋወጫውም ዛሬ ነገ ይጠፋል። ወላሂ፣ ቀጭኑን ብትወስድ ለአንተም ይቀልሃል።"

"ለእናቴ ነው፣ ሐጂ። በቀጭኑ አይታያትም።"

ሶኬቱን ነቀሉት። "እንግዲያው አላህ ያስደስታት። አንድ ነገር ብቻ ስማኝ፤ እንዳታስተኛው። ፊቱ ድፍን መስታወት ነው፤ ተኝቶ ከተንገጫገጨ በገዛ ክብደቱ ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ ደግሞ እኔ ጋ አትምጣ፤ ማንም ጋ የለም።"

ይህን የሰማ ፈሪ እንዴት እንደሚጓዝ አስቡት። ሚኒባሱ ውስጥ የኋላውን ወንበር ለእሱ ይዤ፣ አቁሜ፣ በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ። ደብረ ወርቅን ሳናልፍ ዝናቡ ጀመረ። መኪናው ጉድጓድ ላይ በነጠረ ቁጥር መስታወቱ ሲሰነጠቅ ይሰማኛል፤ ጆሮዬን ካርቶኑ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ፣ ምንም የለም፣ ደግሞ ይነጥራል። አንዲት እናት ዘወር ብለው አይተውኝ፣ "ልጄ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የያዝከው?" ሲሉ መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሾፌሩን ቀስ በል፣ ቀስ በል እያልኩ ቢቸና እስክንደርስ አሰለቸሁት።

ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ ውስጥ ቆሞ ስለማይገባ ግማሹ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ እኔ ደግፌው፣ እስከ ሰፈራችን መግቢያ ደረስን። እዚያ ጭቃው ዋጠን። ጎማው ይሽከረከራል እንጂ ባጃጁ ንቅንቅ አይልም። ካርቶኑ በዝናብ በስብሶ እጄ ላይ ይቦጨቅ ጀመር። ቤታችን ከዚያ ቢበዛ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ግን ያን ጭቃ ለአንድ ሰው ያን የሚያህል መስታወት አቁሞ መሻገር የማይታሰብ ነው።

የእድራችን ዳኛ ቤት እዚያው ነው። የአባቴ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ስጮህ ሰምተው ወጡ፣ አዩኝ፣ ሳይጠይቁኝ ጎረምሶች ጠሩ።

"ቃሬዛውን አምጡት!"

የእድሩ ቃሬዛ ነው፤ ሕመምተኛም አስከሬንም የሚሄድበት። እኔ የታየኝ ግን ሌላ ነገር ነው። "አይተኛም ጋሼ! እንዳታስተኛው ብለውኛል፤ ይሰነጠቃል!"

"ታዲያ ቆሞ በራሱ እግር ይሂድ? አይ ልጄ! ስንት ሰው አድርሰንበታል፤ አንድም የተሰነጠቀብን የለም።" ጎረምሶቹ ሳቁ። የራሰውን ካርቶን ገፍፈው ጣሉት፣ ፕላዝማውን አስተኙት፣ ጋሼ የለበሱትን ነጭ ጋቢ አውልቀው ውኃ እንዳይገባው ከዳር እስከ ዳር ሸፈኑት። ለእኔም ከቤታቸው ማዳበሪያ አስመጥተው እንደ ቆብ ራሴ ላይ ደፉልኝ። አራት ሰው አነሳው። እኔ ከፊት ሆኜ፣ አንድ እጄን ጋቢው ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል መራሁ።

በአገራችን ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ዝም ብሎ አያልፍም። የያዘውን ያስቀምጥና ትከሻውን ይሰጣል፣ የደከመውን ይቀበላል፣ ሸክም ያልደረሰው ከኋላ ይከተላል። ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሲደርስ ይታወቃል። ይህን ወግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንቱን ተሸክሜያለሁ። ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ መስታወቱ ላይ ነበር።

ገበያው የተበተነበት ሰዓት ነበርና መንገዱ ሰው በሰው ነው። አንዱ እህሉን አውርዶ ገባ፣ ሌላው በጎቹን ለጓደኛው ትቶ ገባ፤ ጎረምሶቹ አንድ በአንድ አስረክበው ተመለሱ። ዘወር ብዬ ሳይ ከኋላችን ሠላሳ አርባ ሰው ይከተላል፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ፕላዝማ ለማየት የመጡ መሰለኝ። ኮራሁ፤ አልዋሽም። በፍርሃቴ መሃል እንኳ ደረቴ ነፋ አለ። አጠገቤ ሸክሙን የተቀበለውን የማላውቀውን ገበሬ፣ "ቀስ በል ወንድሜ፤ ከእንግዲህ ሌላ አይገኝም" አልኩት።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ።

ለድካሜ ያለኝ መሰለኝና አመሰገንኩት።

ወደ ቤታችን የምንታጠፍበት ላይ ስንደርስ ነው ከኋላ የሴት ድምፅ የሰማሁት። "ወዴት ነው የሚገባው?" ትላለች አንዷ። "ወደ መምህሩ ቤት።" "ራሱ ነው? ጧት ሞጣ ሲሄድ አይቼው ነበር!" "መኪና ተገልብጦ ነው መሰለኝ..." ከዚያ አንዷ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ "ወየው! ወየው! እናቲቱ ምን ይዋጣት!" ሌሎቹም ተቀበሏት።

ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ እንደዚያ አልፈራሁም። ጋቢውን ለቅቄ ሮጥኩ። ጭቃው ጫማዬን ነጠቀኝ፣ ባንድ እግሬ ሮጥኩ። የሐኪሙ ቃል በጆሮዬ እየጮኸ ነው። ስልኳን የወሰድኩት እኔ። አለሁ ብዬ ልደውልላት የማልችለው በእኔው ጥንቃቄ ነው።

እናቴ ደጅ ወጥታለች። ጎረቤታችን ከኋላ ወገቧን ይዛታለች። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ወገቧ ላይ አስራ፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ቆማለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም።

"እማዬ! አለሁ! እኔ ነኝ!" ማዳበሪያውን ከራሴ ላይ ጣልኩት።

ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ዳበሰችኝ፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን። ዳነች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ግን በትከሻዬ ላይ አሻግራ ነጩን ጋቢ አየች። ሰዎቹ እኔ ስሮጥ አይተው ግራ ተጋብተው፣ በወጉ መሠረት ቃሬዛውን ደጃችን ላይ ቀስ አድርገው አሳርፈዋል፤ ከጀርባቸው ለቅሶው እንደቀጠለ ነው።

"ታዲያ ማናት?" አለች። "የአምበሯ ናት?"

"ቴሌቪዥን ነው እማዬ! ቴሌቪዥን ነው!" አልሰማችኝም። ሄጄ ጋቢውን ገፈፍኩት። ለቅሶው ባንዴ ቆመ። እናቴ ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች፣ መዳፏን ጥቁሩ መስታወት ላይ አሳረፈች፣ የእህቴን ፊት እንደምትፈልግ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ደባበሰችው። ከዚያ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ፤ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ ከንፈሯ ጠቆረ።

ፕላዝማውን ማን እንዳነሳው አላውቅም። አጥሩ ላይ አስደገፉትና ዝናብ ላይ ትተነው ሄድን። እናቴን ያንኑ ቃሬዛ ላይ አስተኛናት፤ እነዚያው ሰዎች፣ እህሉን መንገድ ላይ ጥሎ የመጣው ገበሬ ጭምር፣ እየተቀባበሉ ወደ ሆስፒታል በሩጫ ወሰዷት። አሁን የምንሸከመው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግን አላለቀሰም። እኔ አጠገቧ እየሮጥኩ እጇን ይዤ ነበር። ቀዝቃዛ ነበር።

ተረፈች። ብዙ ቀን ተኝታ፣ ሐኪሞቹ እንኳ እየተገረሙ፣ ተረፈች። እህቴ ከአምበር መጥታ ከአልጋዋ ሥር ሳትለይ አስታመመቻት። ፕላዝማውም አልተሰነጠቀም፤ ደርቆ ሲከፈት ሠራ። ሐጂ እንዳሉትም ሌላ አልመጣም፤ ዛሬ የእኔን የመሰለ በአካባቢው የለም። እናቴ ጥጓ ላይ ሆና ቅዳሴ ታያለች፤ የቄሱም ፊት የሰው ፊት ነው። በልታ ታድራለች።

ማታ ከሥራ ስመለስ ግን ሰላምታዬን አትቀበልም፤ መጀመሪያ ከጀርባዬ ያለውን ነው የምታየው።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ እማዬ።"

"ከኋላህ የመጣ ሰው የለም?"

"ማንም የለም።"

ያኔ ነው "እንዴት ዋልክ" የምትለኝ። አንድ ቀን ሁለት አስተማሪዎች ሊጠይቋት ፈልገው አብረውኝ ገቡ፤ ሦስት ሆነን ስታየን እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ካለ መታጠፊያው ላይ ሰበብ ፈልጌ እሰናበተዋለሁ። ዘወር ብዬ ማንም እንዳልተከተለኝ አይቼ፣ ብቻዬን እገባለሁ።