ለጭላዳ ጥበቃ የጠራሁት ሰው

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው መኸር ነው፤ ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ ገብሱ እሸት በያዘ ሰሞን። ብዙ ነገር ይረሳኛል። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሙሉ የምበረብር ሰው ነኝ። ይህችን ግን አልረሳም፤ ልርሳ ብል እንኳ ገበያ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ያስታውሰኛል።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በጭነት መኪና ሾፌርነት ነው። ጉልበቴ ፍሬን መርገጥ ሲያቅተው ምላሴ ብቻ ቀረ። በዚሁ ምላሴ አንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራዬ ከብርቱካን ጋር በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ስለ ጭላዳ ተረት ማውራት ነው። ብርቱካን የድርጅቱ አስተማሪ ናት፤ የደሴ ልጅ፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የማትያዝ። እሷ ጭላዳ ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚኖር ታስተምራለች። እኔ ደረቱ ለምን እንደቀላ እዋሻለሁ።

ያን ሰሞን ብርቱካን ከፍቷት ነበር። የትምህርቱ ሥራ ገንዘቡ እያለቀ ነው፤ ለጋሾቹ መጥተው አይተው ካልወደዱት ይዘጋል ተብሏል። ከተዘጋ እሷ ወደ ደሴ ትመለሳለች፣ የልጆቹም ክበብ ይበተናል።

«አባ ይመር» አለችኝ፣ «እንግዶቹ ማየት የሚፈልጉት ሕዝቡ ራሱ ሲጠብቅ ነው። ሰው ይጥሩልኝ፤ አንቱን ይሰማሉ።»

«አብሽሪ!» አልኳት።

በገበያው ቀን እህል ተራ መሀል ቆሜ ጮህኩ። «ሰኞ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ ጥበቃ አለ! እንግዳም ይመጣል! ከየቤቱ ሰው እንዳይቀር!»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። አንድ ሽማግሌማ «ማሻ አላህ፣ ገና ዛሬ የሚያስብልን ተገኘ» ብሎ መረቀኝ። ለምን እንደመረቀኝ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ምርቃት ሲመጣ አሜን እንጂ ለምን ማለት አልለመድኩም።

ሰኞ እንግዶቹ ካሜራቸውን ይዘው መጡ። ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳራቸውን ይነጫሉ። እንግዶቹ ቀስ ብለው ሳሩ ላይ ተቀመጡ፤ የሚተነፍስም አልነበረ። የብርቱካን ፊት ከሰነበተበት ጭጋግ ወጣ።

ከዚያ ሕዝቡ መጣ። ወንጭፍ ይዞ፣ ጅራፍ ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ «ጭላዳ ስጠብቅ ዋልኩ» ያለ ገበሬ ገብሱን ከጭላዳ ሲከላከል ዋለ ማለት ነው። ከልጅነቴ የማውቀው ቋንቋ ነው። ከድርጅቱ ጋር ስሰነብት የቢሮውን አማርኛ ለመድኩና የናቴን ረሳሁት።

ከፊት የምትመጣው ጦይባ ናት፤ ማሳዋ ከአፋፉ ሥር ነው። «አባ ይመር! በየት በኩል እንክበባቸው?» አለችኝ ከሩቅ።

አፌን ከፈትኩ። የተቀጠርኩበት ምላስ የዚያን ዕለት እንቢ አለ። ጅራፉ ጮኸ፣ ድንጋዩ አፏጨ፣ ውሾቹ ተለቀቁ። ጭላዳው፣ እናቲቱ ልጇን አዝላ፣ ወንዱ ጎፈሩን ነስንሶ፣ እንደ ውኃ ገደሉን ወረደ። የተመታ አልነበረም። እንግዶቹ ግን ከመኪናቸው ኋላ ተሸሽገው ነበር፤ እኔም አብሬያቸው።

ጦይባ ላቧን ጠርጋ ለእንግዶቹ እጅ ነሳች። «ይኸው! እንዲህ ከተባረሩ ሰንበት ብለው ነው የሚመለሱ።»

አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ በአስተርጓሚ ለምን እንደወነጨፈች ጠየቀቻት።

«ለጥበቃ ተጠርተን ነዋ! ከመጣችሁ አይቀር በየቀኑ ብትመጡ ምን አለ? እኔ እኮ ልጄን ሀያትን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ነው የማስጠብቃት።»

ብርቱካን ደነገጠች። «ሀያት? ታማለች አላላችሁኝም?»

«ኧረ አልታመመችም፣ ገብሱ ደርሶ ነው።»

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ላስቃት ሞከርኩ። «ጠርቼው በሰዓቱ የመጣልኝ ሕዝብ ዛሬ አየሁ» አልኳት።

«አባ ይመር፣ አፈር ስሆን ዛሬ ዝም ይበሉ» አለችኝ። ዝም አልኩ። መካነ ሰላም እስክንገባ የአንድ ዓመት ዝምታ ዝም አልኩ።

ሥራው ተዘጋ ብለን ስንጠብቅ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶቹ ካነሱት የሠራው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ፊልም በብርቱካን ስልክ መጣልን። ሕዝቡ ሽቅብ ሲሮጥ ይታያል። ወንጭፉ ከመሽከርከሩ በፊት ተቆርጧል። ከሥር «ማኅበረሰቡ ጭላዳን ለመጠበቅ ሲተም» ይላል። በላዩ ላይ በሌላ ቀን የተቀዳ የኔ ድምፅ ተረት ያወራል። ያን ቀን ያልነበሩ ለጋሾች ወደዱት፤ ገንዘቡ መጣ፤ ብርቱካን ቀረች።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ውሸት ነው እኮ አባ ይመር።»

«ምኑ ውሸት ነው? ሊጠብቁ አይደል የመጡ?»

ሳቀችና ስልኩን መልሳ አነሳችው። ቆርጠው ያስቀሩትን የጦይባን ንግግር እንዲጨምሩት ለዋናው መሥሪያ ቤት ደውላ ለመነች። ፊልሙ ይረዝማል ተባለች።

በማግስቱ ክፍል ገባን። ብርቱካን የጭላዳውን ሥዕል ሰቀለች፤ እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የሀያት ቦታ ባዶ ነበር። ሌላም ቦታ ባዶ ነበር። ብርቱካን ባዶዎቹን ወንበሮች አየች፣ እኔን አየችኝና ወደ ሥዕሉ ዞረች። ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር።

ተረቱን ለእሷ ትቼ ወደ ጦይባ ማሳ ወጣሁ። «ልጅቷን ላኪያት፤ እኔ እጠብቃለሁ» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቱን ማን ይጠብቅዎት?»

ዘንድሮም ገብሱ እሸት ይዟል። ብርቱካን ባስተማረች ቀን ሁሉ የጦይባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ሃይ! ሃይ!» እላለሁ። ስለ ጭላዳ ፍቅር እንዳወራ የተቀጠርኩ ሰው ጭላዳ አባርራለሁ። ሌላው ማሳ ጠባቂ የለውም፤ ልጆቹ አሁንም ይቀራሉ። እኔ አንድ ሽማግሌ ነኝ፣ ያውም ግማሽ ወገብ የቀረው።

ጭላዳዎቹም ንቀውኛል። መጀመሪያ ስጮህ ይነሱ ነበር፤ አሁን ቀና ብለው ያዩኝና ሳራቸውን ይቀጥላሉ። ገብሱ ውስጥ ካልገቡ እኔም አልነሳም።

ጠዋት ጠዋት ሀያት ደብተሯን ታቅፋ ቁልቁል ስትሮጥ አያታለሁ። እሷ እያየችኝ ደክሞኛል ማለት ያሳፍረኛል። ከኮረብታው ወዲያ እስክትሰወር እጠብቅና፣ ያኔ መድከሜን ለጭላዳው እነግረዋለሁ።