ሴትየዋ በሩን ለምን አልከፈተችም?

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «ክፍል ሁለት» ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። ፊልም አልቆ መብራት ከመብራቱ በፊት ብድግ ብሎ «ይሄማ ክፍል ሁለት ያስፈልገዋል» ሳይል ከአዳራሽ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሁሉም ሰው የሚሞትበት ፊልም አይተው ሲወጡ፣ ሚስቱ «አሁንስ ምን ልትል ነው?» ብትለው፣ «ፈረሱ አልሞተም እኮ» አላት።

ሱቁ ጠባብ ናት። አንድ በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሸረፈ መስታወት። ግድግዳው ላይ የፋሽን ሥዕል የለም፤ የፊልም ፖስተር ብቻ ነው። ደንበኛ ገብቶ «እንደዚህ ሰውዬ ዓይነት ኮት» ብሎ ሲጠቁም፣ ክፍል ሁለት መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ያየዋል።

«ይሄ ሰውዬ እኮ ወንድሙን የካደ ነው። ሌላ ምረጥ።»

ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪ ነው። ሁለቱም የሚተዳደሩት በቁልፍ ነው፤ አንዱ በልብስ፣ አንዱ በበር። በዚህ ሲቀላለዱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ያጣላቸው ግን አንድ ፊልም ነው።

ፊልሙ ላይ ሰባት ዓመት ጠፍቶ የኖረ ባል በዝናብ ይመጣና የቤቱን በር ያንኳኳል። ሚስትየዋ ከውስጥ መጥታ እጀታውን ትይዛለች። ታለቅሳለች። አትከፍትም። እዚያው ላይ አለቀ። ሁለቱ ጓደኛሞች አራት ዓመት ሙሉ የተከራከሩት በዚህች በር ነው።

«ቀሚሷን ልብ ብለህ አይተሃል?» ይላል ክፍል ሁለት። «በልኳ የተሰፋ አዲስ ቀሚስ ነው። ለራሷ አዲስ ቀሚስ ያሰፋች ሴት አሮጌ ባል አታስገባም።»

«አንተ ቀሚስ ታያለህ፣ እኔ በሩን አያለሁ» ይላል ቁልፍ ሠሪው። «እጀታው ሲዞር አይተሃል? አልዞረም! ከውጭ ተቆልፎባታል። አማቷ ናት የቆለፈችባት።»

«አማቷ ገና ሲጀመር ሞታለች!»

«ቀብሯን አይተሃል?»

የልብስ ሰፊው ሚስት በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ ሁለቴ አንብባዋለች። አንድ ቀን ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሻት፣ «በመጽሐፉ ላይ እኮ ትከፍታለች» አለች። «ትከፍትለታለች፣ ፎጣ ትሰጠዋለች፣ ቁጭ ብለው ያወራሉ። አለቀ።»

ባሏ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ደራሲው ታሪኩ አልገባውም ማለት ነው» አለ።

ቁልፍ ሠሪውም በዚህ ብቻ ተስማማ።

ነገሩ የከረረው ቁልፍ ሠሪው ሴት ልጁን ሊድር ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን ነው። ለሠርጉ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ክፍል ሁለት እየሰፋለት ነበር። ሊለካ መጥቶ መስታወቱ ፊት እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ አንደኛው እጅጌ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ ሌላኛው ገና አልተቀጠለም። ክፍል ሁለት አፉ ውስጥ አራት መርፌ ቁልፍ ነክሶ ሲዞረው፣ ቁልፍ ሠሪው ዝም ማለት አቃተው።

«ቆይ፣ ያ ቀሚስ የተውሶ ቢሆንስ?» አለ።

ክፍል ሁለት መርፌውን ከብብቱ ሥር ሰካ። ጨርቁ ላይ ነው ይላል እሱ። ቁልፍ ሠሪው ሥጋዬ ላይ ነው ይላል።

«ሆን ብለህ ነው!»

«የተውሶ ቀሚስ ወገቡ ላይ እንደዚያ አይቀመጥም! አንተ ስለ ወገብ ምን ታውቃለህ?»

ቁልፍ ሠሪው ባለ አንድ እጅጌ ኮቱን እንደለበሰ ወጥቶ ሄደ። መንገድ ላይ ያየው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው እየዋሉ፣ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው «ይማርህ» እንኳ የማይል ሆነ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እጅጌው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ኮቱ ቁልፍ ሠሪው ቤት።

መሀል ላይ ክፍል ሁለት መጣ። የፊልሙ ማለቴ ነው።

ልብስ ሰፊው ዜናውን ሲሰማ መኪናውን አቁሞ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኑን ጨፈነ። ሚስቱ ሁለት ትኬት ቆረጠች። እሑድ ከሰዓት ባሏን ቀድማ አስገባችና «መጣሁ» ብላ ወጣች። ሁለተኛዋን ትኬት ለቁልፍ ሠሪው ሰጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ቁልፍ ሠሪው በጨለማ ተደናብሮ ወንበሩን ሲያገኝ አጠገቡ ማን እንዳለ አወቀ፤ ግን ፊልሙ ጀምሯል፣ መሄድ አይታሰብም። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ፊት ገትረው ተቀመጡ።

«ከአሥር ዓመት በኋላ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሴትየዋ ሌላ ከተማ ሆቴል ከፍታለች። ባልየው መርማሪ ሆኖ በሞተር ብስክሌት ሌባ ያሳድዳል። አንድ ሰዓት አለፈ።

«በሩስ?» አለ ቁልፍ ሠሪው ፊቱን ሳያዞር።

«እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው» አለ ክፍል ሁለት።

መጨረሻው ሊደርስ ሲል የድሮው ቤት ታየ። ሁለቱም ወንበራቸው ጠርዝ ላይ ወጡ። ከዚያ አንድ ትልቅ ዶዘር መጣና ቤቱን ከነ በሩ ደረመሰው።

«እንዴት ተደርጎ!» ብሎ ቁልፍ ሠሪው ጮኸ።

«ይሄ ክፍል ሁለት አይደለም!» አለ ክፍል ሁለት ቆሞ። «ይሄ ስድብ ነው!»

አስተናጋጁ በባትሪ እየመራ አስወጣቸው። በር ላይ ቆመው ፊልሙን የሚበቃቸውን ያህል ከረገሙ በኋላ ክፍል ሁለት፣ «ነገ ኮቱን አምጣው» አለ።

ሰኞ ዕለት እጅጌው ሲገጠም አንድ አናጢ የሥራ ሱሪውን ሊያስጠግን ገባ። ክርክሩን ቆሞ ሰማና ሳቁ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚያ ቀረጻ ላይ ሠርቻለሁ» አለ። «በሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ለዝናቡ ውኃ ሲረጭበት ውሎ እንጨቱ አበጠና አልከፈት አለ። ልትከፍት ነበር። እንቢ ሲላት እንዳለ ተውት።»

ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ።

«ወንድሜ» አለ ክፍል ሁለት በትሕትና፣ «አንተ አናጢ ነህ። ስለ እንጨት ጠይቀን እንሰማሃለን። ስለ ሴት ልብ ግን ተወን።»

«እንጨት አብጦ ነው ይለናል!» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ አዲሱን እጅጌ እያወዛወዘ። «አራት ዓመት እንጨት አብጦ ነው የተጨቃጨቅነው?»

አናጢው «ሱሪዬን ብቻ» ብሎ ሹልክ አለ።

የልብስ ሰፊው ሚስት ሳቅ ግን ማታውን አላባራም። «አበጠ!» ትላለች፣ ሳህን እያጠበች። «በሩ አበጠ!» ክፍል ሁለት አኩርፎ በጊዜ ተኛ።

ሠርጉ አማረ። የቁልፍ ሠሪው ኮት ልክክ ብሎበት ነበር፤ ብብቱን ግን ሲያሻሽ ነው የዋለው፣ ለነገር።

አናጢው ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። ሱሪው ታጥፎ ተሰጠው። አልሄደም። በር ላይ እግሩን እየቀያየረ ቆመ።

«ጋሼ፣ እንቅልፍ ነስታችሁኛል» አለ በመጨረሻ። «በሩ እንቢ ሲላት ተዋናይቷ ‹ተበላሽቷል፣ አቁሙ› ማለት ትችል ነበር። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚሉት። እሷ ግን እጀታውን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ካሜራው ኋላ ነበርኩ፣ አይቻታለሁ። ለምን ነበር ያለቀሰችው?»

ክፍል ሁለት የመኪናውን ፔዳል ለቀቀ። ግድግዳውን በመቀሱ እጀታ መታና ቁልፍ ሠሪውን ጠራው። ከጠረጴዛው ሥር በርጩማ ስቦ አወጣና ለአናጢው በእጁ ጠረገለት።

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አለው። «ከመጀመሪያው ጀምር። ቀሚሱ በቅርብ ሲታይ ምን ይመስል ነበር?»