የአጎቴ ላንድክሩዘርና የጅቡቲው የጭስ ምርመራ

ቅዳሜ፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ

የሻንጣዬን ግማሽ የያዘው የመኪና ዕቃ ነው። በፎጣ የጠቀለልኳቸው አዳዲስ ኖዝሎች፣ የአየር ፊልትሮ፣ የዘይት ፊልትሮ፤ በተረፈው ቦታ ሁለት ቀሚስና አንድ ሻሽ። ባቡር ጣቢያው ላይ ጠባቂው ኖዝሎቹን አንድ በአንድ እየፈታ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ናፍጣውን አድቅቀው ወደ ሞተሩ የሚረጩ ናቸው ብዬ ስነግረው፣ ሴት ልጅ ይህን ምን ታደርገዋለች በሚል ዓይን አይቶኝ አሳለፈኝ። ኮሌጅ ገብቼ የተሽከርካሪ ጥገና ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ዓይን ለምጄዋለሁ።

የምሄደው አጎቴ አብዱልከሪም ዘንድ ነው። አጎቴን አንቱ ሳልል ስጽፍ አንባቢ እንዳይታዘበኝ፤ የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም፣ ብሞክረውም የሚቀየመኝ እሱ ራሱ ነው። ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 5 በሚባል ሰፈር ውስጥ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከአገር ቤት እያስመጣ የሚሸጥባት ሱቅ አለችው። ሱቋን የምታኖራት ደግሞ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ ላንድክሩዘር ናት። በየማለዳው አትክልቱን ጭና ራስ ዲካ ሰፈር ላሉ ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። ባለፈው ሳምንት የጭስ ምርመራ ወደቀች። የተሰጠው ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል፤ ካላለፈች ታርጋዋ ይነቀላል። ያኔ ሱቁ ይዘጋና አጎቴ ድሬዳዋ ተመልሶ የልጁ ጥገኛ ይሆናል። በስልክ «ልጄ ቤት ጥግ ይዤ፣ ምሳ መች ደረሰ ስል ልታይኝ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። አልፈልግም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያበላ እንጂ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም።

ከድሬዳዋ ርቀን ስንሄድ መሬቱ እየነጣ፣ ግራሩ እየሳሳ መጣ። አልፎ አልፎ ግመል፣ አልፎ አልፎ የፍየል መንጋ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወርቅነሽ የምትባል ሴት ናት፤ እናቷን ጠይቃ መመለሷ ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ተቀጥራ ታገለግላለች፣ የምታድረውም እዚያው ነው። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ፣ እኔ ደግሞ ብርቱካን። ስለ ምርመራው መጥበቅ ምሬቴን ዘረገፍኩላት። አሮጌ መኪና የሚነዳው አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ነው፤ እሱን ማሳደድ ምን ይሉታል? አልኳት። ወርቅነሽ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እኔ ግን ይጥበቅ ባይ ነኝ» አለች። «ጠዋት ነጭ አንሶላ ሰገነት ላይ አሰጣለሁ፣ ማታ ጥላሸት የነካው አወርዳለሁ። አንሶላው ይታጠባል። የተነፈስኩትን ማን ያጥብልኛል?»

ድንበሩን አልፈን ጅቡቲ ናጋድ ባቡር ጣቢያ እስክንወርድ ስለ ሌላ ነገር አወራን። ከባቡሩ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ፊቴን መታኝ። ታክሲው ካርቲየ 5 ለማድረስ ሁለት ሺህ ፍራንክ አለኝ፤ በሶማልኛ ተከራክሬ አምስት መቶውን አስቀነስኩ። አጎቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ከስቷል። ራት ላይ እንደ የመኖቹ ከሁለት ተሰንጥቆ ጥልቅ ምድጃ ግድግዳ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ከስስ ቂጣ ጋር አቀረበልኝ። እኔ ስበላ እሱ ስለ መኪናዋ እያወራ ራሱ መብላቱን ረሳው።

እሁድ፣ ካርቲየ 5

ፀሐይ ሳትበረታ ኮፈኑን ከፈትኩ። የአየር ፊልትሮውን ሳራግፈው የወጣው አሸዋ ጀበና ይሞላል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ወፍሯል። ኖዝሎቹን ስፈታ ጫፋቸው ላይ ጥቀርሻ ተጋግሯል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንደምለው፣ ናፍጣ ሞተር አየርና ንጹሕ ርጭት ካገኘ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ሁሉንም ቀይሬ ሳስነሳት መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ነዳጅ እየሰጠሁ ትንሽ ሳቆያት ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ የሚወጣው እምብዛም የማይታይ ሆነ። አጎቴ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ነጭ መሐረቡን ማርሚታው አፍ ላይ ያዘ፣ አየው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ወላሂ ነጃት፣ ልጃገረድ አደረግሽልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ኮራሁ።

ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሲደርስ ከተማው ሁሉ ሥራውን ትቶ ጥላ ውስጥ ይገባል። እኔም ሩዝ በልቼ ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ ጋደም አልኩ። በእንቅልፍ ልቤ የሞተር ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ነው ብዬ ተውኩት።

ሰኞ፣ ምርመራው

የምርመራ ጣቢያው በር ላይ ሰልፉ ገና በጠዋት ረዝሟል። ተራችን ሲደርስ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች መርማሪ የመለኪያውን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ ከተተችና አጎቴን በፈረንሳይኛ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጥ አለችው። ረገጠ። ከኋላችን የወጣው ጭስ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አፍንጫ አስያዘ። ደጋግማ አስረገጠችው፤ ለውጥ የለም። አንድ ዕድል እንደቀረን ነገረችን፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። መኪናዋ በቀን ምን ያህል እንደምትሄድ ጠየቀችው። አጎቴ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ እሱም ትንሽ መንገድ ነው አላት።

አፈርኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ትናንት በእጄ ያጠራሁት ሞተር በአንድ ሌሊት እንዴት እንዲህ ይሆናል? ቤት ስንመለስ ምሳ አልበላልኝ አለ፣ እንቅልፍም እንቢ አለ። ያን የሞተር ድምፅ እንደገና ስሰማ ተነስቼ ወጣሁ።

ላንድክሩዘሯ የግድግዳው ጥላ ውስጥ ቆማለች፤ መስኮቶቿ ተዘግተዋል፣ ሞተሯ ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ ያንኮራፋል። በሩን ስከፍት ቀዝቃዛ አየር አገኘኝ። አጎቴና ሦስት ሽማግሌዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ጫታቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሻይ በፔርሙዝ አለ። ጨዋታው ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና አማርኛ የተቀየጠበት ነው።

«ግቢ፣ ግቢ አቦ፣ ብርዱ ይወጣል» አለኝ አጎቴ።

አልገባሁም። በሩን ይዤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። የክፍሉ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ወዲህ ነው አለኝ፤ ዓመታት ሆኖታል። መብራቱ ውድ ነው፣ በበጋ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ ጫት ሲደርስ እዚህ ይሰበሰባሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበተናሉ። ቆሞ የሚያንኮራፋ ናፍጣ ሞተር በደንብ እንደማይግል፣ ነዳጁ በቅጡ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ሆኖ እንደሚቀር፣ ጠዋት ሲረገጥ ያ ሁሉ በማርሚታ እንደሚወጣ አስረዳሁት። አጎቴ ከልቡ ግራ ገባው።

«ቆማ እኮ ነው፣ ነጃት። መኪና የሚደክመው ሲሄድ ነው። እኔ እንዳትደክም ብዬ ከቀትር በኋላ አንዲት ክንድ አላንቀሳቅሳትም።»

«እየገደልካት ያለኸው አቁመህ ነው» አልኩት። ቁጣዬን መዋጥ ነበረብኝ፤ አልዋጥኩትም።

ከኋላ ወንበር ላይ ሁመድ የሚባል የአፋር ሽማግሌ ነበር፤ ጉልበቱ እስኪደክም ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ጆሮው ስለከበደው ምን እንዳልኩ አጠገቡ የተቀመጠውን ጠየቀ። ሲነገረው ጫቱን በፌስታሉ ጠቅልሎ ጫማውን በእግሩ ይፈልግ ጀመር። አጎቴ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው፤ ሞተሩን ግን አጠፋው። ማታ አጎቴ ስለ ሁመድ ነገረኝ። የሚኖረው ብቻውን የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፤ በቀን ውስጥ ላብ የማይጠምቀው መኪናዋ ውስጥ በሚቀመጥበት ሰዓት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ፣ የአርታ ዳገት

እንዲከብዳት የሽንኩርት ጆንያ ጭነን ተራራ ላይ ወዳለችው አርታ ወጣን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዝቅተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩላት፤ ጥቀርሻ የሚቃጠለው ሞተር ሲግል ነው። አጎቴ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ቢስሚላህ ይላል፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ እኔን ይሰድበኛል። ከኋላችን መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሸፈነ፤ ወርቅነሽና አንሶላዋ ትዝ አሉኝ። ዳገቱን እያጋመስን ስንሄድ ጭሱ ግራጫ ሆነ፣ አናቱ ላይ ስንደርስ በመስታወት ብፈልገውም አጣሁት።

አርታ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከታች የታጁራ ባሕር ይታያል። አጎቴ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ብታልፍ፣ ከቀትር በኋላ ልናስነሳት እንችላለን?»

«አይቻልም፣ አጎቴ። በሚቀጥለው ምርመራ መልሳ ትወድቃለች።»

«ለትንሽ ጊዜስ?»

«ለትንሽም።»

ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። ከዚያ «እዚህ አገር በነዳሁትም በሸጥኩትም ብዙ አላተረፍኩም» አለ። «ያተረፍኩት እነዚያን ሦስት ሰዎች ነው።» ተነሳና ሱሪውን አራገፈ። «ሞተሩ ሳይበርድ ንጂ» አለኝ።

በቀጥታ ወደ ጣቢያው ወረድን። መርማሪዋ ቱቦውን ከተተች፣ አጎቴ ረገጠ፣ መለኪያውን አይታ ደግማ አስረገጠችው። ከዚያ ቱቦውን አውጥታ አልፋችኋል አለች፤ ከስድስት ወር በኋላ መመለስ እንዳለብንም አስጠነቀቀች። አጎቴ አልሐምዱሊላህ አለ። ፊቱ ግን ትናንት መኪናዋ ስትወድቅ ከነበረው ብዙም አልተለየም።

ስንደርስ የጫት ሰዓት ነበር፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ግድግዳው ሥር ቆመው ይጠብቁናል። አጎቴ መኪናዋን ቦታዋ ላይ አቆመ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መኪናዋ ማለፏን፣ ከእንግዲህ ግን ቆማ ሞተሯ እንደማይነሳ እኔ ልንገርልህ አልኩት፤ እንቢ ብሎ ራሱ ነገራቸው። እንኳን ደስ አለህ አሉት፣ አቀፉት። ሰሌን ዘርግቶ ጥላው ውስጥ አስቀመጣቸው። ትንሽ እንደተጫወቱ የሚያቃጥለው የበረሃ ነፋስ አሸዋ ይዞ መጣ። አንዱ ጉዳይ አለብኝ ብሎ ተነሳ፣ ሌላው ተከተለው። በመጨረሻ ሁመድ ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ሄደ። አጎቴ ሰሌኑን ጠቀለለና ገብቶ ሽንኩርት ይለቅም ጀመር።

ድሬዳዋ፣ ከተመለስኩ በኋላ

ለተማሪዎቼ ስለ አርታ ዳገት አውርቻለሁ። አሁን አሮጌ መኪና ሲመጣልኝ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት ሲቆም የት እንደሚቆምና ማን እንደሚቀመጥበት እጠይቃለሁ። ከጭሱ ጀርባ ጥሩ ነገር ሊኖር እንደሚችል ሳላውቅ ነበር የሄድኩት፤ ወርቅነሽም ልክ ነበረች፣ ሁመድም አላጠፋም። ሁለቱንም ደስ የሚያሰኝ ጥገና ግን አላስተምርም፣ አላውቀውምም።

ትናንት ለአጎቴ ደወልኩለት። መኪናዋ ደህና ናት፣ ሱቁም ይሠራል። ከቀትር በኋላ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር፤ ጠየቅሁት።

«ሁመድ ተመልሷል» አለኝ። «ሰሌን ላይ ና ብዬው እንቢ አለ። የመኪናዋን በር ከፍቶ የድሮ ቦታው ገብቶ ይቀመጣል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ?»

«ጠፍቶ።»

«አጎቴ፣ ውስጡ እኮ ይፈጃል። አንተስ የት ትቀመጣለህ?»

«አጠገቡ ነዋ» አለኝ። «ብቻውን ይላብ?»