«ተመስገን» ያሉት ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ እንደ አባት ያሳደጉኝ ናቸው፤ ዘግይቼ፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ደብተር የገዙልኝም እሳቸው። አትላንታ መጥተን፣ እዚያው አቅራቢያ ዱሉዝ ከተማ ካለው መጋዘን ሥራቸውን ካቆሙ በኋላ ግን ድባቴ ያዛቸው። ለወራት ከቤት አልወጡም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። ኪኒኑ በየዓይነቱ ተሞክሮ አልሠራም። ሐኪማቸው የቀረው ኬታሚን ነው አለን፤ ለማደንዘዣ የሚያገለግል መድኃኒት ነው፤ በትንሽ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ ግን ሐሳብን ለጥቂት ጊዜ ከለመደው መንገድ ያስወጣል።

መጀመሪያ መጠይቅ አለ። ነርሷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ፤ ቃል አልጨምር፣ ቃል አልቀንስ።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ ቆርጠው ነበር?»

«ተመስገን! ምን ጎድሎብኝ?»

«እንቅልፍስ?»

«ከበቂ በላይ።»

«ምግብስ?»

«የማትበላውስ እህቴ ናት። እያት እስቲ፣ መቃ አክላለች። ተርጉሚላት እንጂ!»

ተረጎምኩ። ነርሷ ነጥቡን ደመረች፤ በዚህ ውጤት ድባቴ የለባቸውም፤ ሕክምናው አይፈቀድላቸውም አለች።

ቃል በቃል መተርጎሜ ወንድሜን ሊያሳጣኝ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ጎረቤት እኮ አይደለችም የጠየቀችዎት።»

«ታዲያ ለማላውቃት ሴት ፈጣሪን ላማ?»

«ፈጣሪን ማን ነካብዎት? ያመመዎትን ይንገሯት።»

ከዚያ እኔን ዘለው፣ መጋዘን በተማሯት እንግሊዝኛ ነገሯት፤ ሲተኙ እንዳይነጋባቸው እንደሚለምኑ። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ይህን አላውቅም ነበር። ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረች፤ በአዲሱ ውጤት ተፈቀደላቸው።

ሕክምናው አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ዓይናቸውን ሸፍነው ጋደም ሲሉ፣ እኔ መጽሐፍ ገልጬ አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲነቁ «ራሴን ከሩቅ አየሁት፤ አሳዘነኝ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከሦስተኛው ሕክምና እየነዳሁ ስንመለስ፣ ታከር ከተማ መግቢያ ላይ ጮኹብኝ፦

«ኧረ ቀስ በይ! ልትገድይኝ ነው?»

ሞትን ፈሩልኝ ብዬ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ አለቀስኩ።

«ደግሞ ምን ሆንሽ? መንዳት እንደማትችይ ነው የነገርኩሽ!»

ድባቴው ጨርሶ አልለቀቃቸውም፤ የሚከብድ ቀን አሁንም ይመጣል። ያን ቀን በሬን አንኳኩተው «ዛሬ ከብዶኛል» ይሉኛል። የማነበውን አስቀምጬ እነሳለሁ፤ ስላንኳኩልኝ እያመሰገንኩ።