ባንኮውን አልለቅም ያልኩበት ስብሰባ

አባቴ እንጨት ማቃናት ያስተማረኝ ዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ኩፍኝ ያዘኝ፤ ኩፍኙ ሲለቀኝ ብርሃኔን ይዞ ሄደ። ጎረቤቶቻችን «ምስኪን፣ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሙቅ» አሉ። አባቴ ሆሳዕና ውስጥ የታወቀ አናጢ ነበር፤ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ያመዋል። መላጊያውን እጄ ላይ አስቀመጠና «ያዢ» አለኝ። የለቀቅኩት አርጅቼ ክንዴ እምቢ ሲለኝ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ንግግሬን አለሳልሳ ስትጽፍ ካገኘኋት አስሰርዛታለሁ።

ዕውር እንዴት እንጨት ያቃናል ይሉኛል። ጣውላ ሲጠማዘዝ የሚያይ ሰውም ይሸወዳል እኮ። አባቴ ከእንሰት ቃጫ ሁለት ቀጫጭን ክሮች ፈትሎ ሰጥቶኝ ነበር። ክሮቹን ከጥግ ወደ ጥግ አጣልፌ እወጥራቸውና መሐል ላይ የሚገናኙበትን በጣቴ እዳስሳለሁ። ለስለስ ብለው ከተነካኩ ጣውላው ደልዳላ ነው። በመካከላቸው ክፍተት ካለ የላይኛው ክር ያረፈባቸው ጥጎች ከፍ ብለዋል፤ የላይኛው የታችኛውን ከተጫነው ደግሞ የታችኛው ጥጎች ናቸው። ከፍ ያለውን እልጋለሁ፣ እንደገና እወጥራለሁ። ፊቱ ሲስተካከል ስኳድራውን፣ የማዕዘን መለኪያውን፣ አስደግፌ ጎኑን በጥፍሬ እሞክራለሁ። ጥፍሬ ከስኳድራው ሥር ከገባ ሥራው አላለቀም። ይኸው ነው፤ ተአምር የለበትም።

ደርግ መጥቶ ባለሙያ ሁሉ በማህበር ይደራጅ ሲባል አባቴ ሞቶ ነበር። እያንዳንዱ አናጢ መሣሪያውን ይዞ ገባ። እኔ ያለኝን መሣሪያ ሁሉና አባቴ ሲሠራበት የኖረውን ባንኮ፣ የአናጢ ሥራ ጠረጴዛውን፣ ይዤ ገባሁ። ባንኮው እንዲህ በቀላሉ የሚነሳ አይደለም፤ ጎረምሶች እየተጋገዙ፣ እየተሳደቡ ነው ያመጡልኝ። የሥራ ቦታችን የተዘጋ ጸሎት ቤት ነበር። ልጅ ሆኜ በዘመርኩበት ቤት እንጨት መላግ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የማን መጋዝ እንደሚሄድ፣ ማን እንዳረፈ ከነቦታው ይሰማኛል።

አንድ ጊዜ ዶዮገና ላለ ትምህርት ቤት ጠረጴዛዎች ታዘዝን። ለበዓል መድረስ አለበት ተባለ። የመጣልን እንጨት ባህር ዛፍ ነበር። ጉንጬን አስጠጋሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሽታው ገና ከቅጠሉ አልተለየም።

«ይሄ እንጨት እርጥብ ነው» አልኩ። «አሁን ብናቃናው ሲደርቅ ይጣመማል።»

የማህበሩ ሊቀመንበር «ጓዲት፣ አብዮቱ እንጨት እስኪደርቅ ቆሞ አይጠብቅም» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ።

«እንጨቱስ አብዮቱን መቼ ይሰማል?» አልኩት።

ሳቁ እዚያው ቀረ። አጠገቤ የነበረው ሰው ልብሴን ጎተተና «ኧረ ዝም በይ፣ ታስፈጂናለሽ» አለኝ። ዝም አልኩ፤ የሰጡኝንም አቃናሁ። ጠረጴዛዎቹ ሄዱ፣ ደረቁ፣ ተጣመሙ፣ በመኪና ተጭነው ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ማህበሩን ከሚቆጣጠረው ጽሕፈት ቤት ለመጣው ተወካይ «ማቃናቱ የእሷ ሥራ ነበር፤ እንግዲህ እንደምታያት ዓይነ ስውር ናት» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።

ወዲያው ተወካዩ ባለበት ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው እኔ ነበርኩ። ሊቀመንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ደኅንነቴ ማህበሩ ይጨነቃል፣ እህታችን ጥግ ይዛ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት ትሽ፣ ባንኮው በቅርብ ለገባው አናጢ ይሰጥ አለ። ዕድሜ ልኬን ያቃናሁ ሴትዮ፣ ሌላው ያቃናውን ሳሽ ልውል ነው። በዚያ ላይ በአባቴ ባንኮ!

«የምትደግፉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

የልብስ መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ብዙ ነበር። ብድግ አልኩ።

«ቆይ፣ ማን ማን ነው ያወጣው?»

«ብዙ ነው፣ ጓዲት። ተቀመጪ።»

«ለአንተ ብዙ ነው። እኔ አንድም እጅ አላየሁም።»

«ቆጥሬ እነግርሻለሁ።»

«ከሳሹም አንተ፣ ቆጣሪውም አንተ? እኔ እኮ የማህበሩ አባል ነኝ። ሌላው አባል ማን እጁን እንዳወጣ ካየ፣ እኔም መስማት አለብኝ። እጁን ያወጣ ሁሉ አጠገቡ ስቆም በአፉ ይናገር። ከአባትሽ ባንኮ ውረጂ ይበለኝ።»

ከኋላ አንዱ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ቤቱን ፍርድ ቤት አደረገችው!» አለ። ተወካዩ ጉሮሮውን ጠረገና «ጥያቄዋ ተገቢ ነው፣ ይናገሩ» አለ። ለምን እንደፈቀደልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ምሳ ሰዓት ደርሶበት ይሆናል።

የአግዳሚዎቹን ጫፍ እየዳበስኩ ከሰው ወደ ሰው ሄድኩ። የመጀመሪያው የሠርጉን አልጋ የሠራሁለት ሰው ነበር።

«እኔ እንግዲህ… ብዙኃኑ ካለ…» አለኝ።

«ብዙኃኑን ተወው። አንተስ?»

«እኔማ ምን አለኝ፣ እህቴ? ባንኮሽ ላይ ቆዪ።»

የሚቀጥለው የገዛ እህቴ ባል ነው። ደጋግሞ ሳለ።

«እኔ እጄን ያነሳሁት ላቤን ልጠርግ ነው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ከእሱ በኋላ ያሉት አንዱ ዝም አለ፣ አንዱ አጉረመረመ፣ አንዱ «ድምፀ ተአቅቦ» አለ። ዝም ያለውን ሁሉ «እጁ ወርዷል፣ ጻፉት» እያልኩ አለፍኩ።

የአባቴ ጓደኛ የነበሩ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ስደርስ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ።

«እኔ አውጥቻለሁ፣ ልጄ። መሣሪያው አንድ ቀን ጣትሽን ይወስደዋል። ያን ጊዜ ለአባትሽ ምን እላለሁ? ውረጂ።»

ከሁሉም የምወዳቸው እሳቸውን ነበር።

«በአፍዎ ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ጣቴ ግን የኔ ነው።»

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ።

«አንተስ?»

«እኔ ሰብሳቢ ነኝ።»

«ሰብሳቢ አፍ የለውም?»

«ለአንቺው ብዬ ነው…»

«ለእኔ ብለህ ምን? ጨርሰዋ!»

ተወካዩ «ሐሳቡ በቂ ድጋፍ አላገኘም፣ ወድቋል» አለና ወንበሩን አንኳኩቶ ተነሳ።

በማግስቱ ስመጣ ባንኮው መስኮቱ ሥር ከነበረበት ቦታ የለም። ጣውላ ወደሚከመርበት ጥግ ገፍተውታል። ባንኮዬን ሊወስድ የነበረው አዲሱ አናጢ መስኮቱ ሥር ቆሞ ያፏጫል።

«ምነው?» አልኩት።

«አትቆጪ። አንቺ ብርሃን ምን ይሠራልሻል? መስኮቱ ለሚያይ ሰው ይሁን ብለን ነው።»

«መስኮቱ ምንም አይሠራልኝም። እዚያ ጥግ ላይ ግን ረጅም ጣውላ ስልግ ክርኔ ግድግዳ ይመታል። ቦታ ነው የምፈልገው።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የባንኮውን ጫፍ ይዤ መጎተት ጀመርኩ። ሲሚንቶው ላይ ሲንፋቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያስፈጫል። ትንሽ እንደሄድኩ በድንገት ቀለለኝ። ሌላውን ጫፍ ያነሳ ሰው ነበር።

«አሁንም ውረጂ ነው የምለው» አሉ ሽማግሌው እያለከለኩ። «ሐሳቤን አልቀየርኩም። ያንን ጫፍ ግን ከፍ አድርጊው እንጂ፣ እግሬን ልትሰብሪው ነው?»

መስኮቱ ሥር አደረስነው። አዲሱ አናጢ ማፏጨቱን ትቶ «እኔስ ታዲያ የት ልቁም?» አለ።

«ከባንኮው ማዶ፣ በመስኮቱ በኩል ቁም። ብርሃኑን አንተ ውሰድ፣ እኔ በርዝመቱ ልሥራ።»

መሣሪያውን እያንኳኳ በወዲያ በኩል ደረደረ። ኩርፊያው ከእጁ አያያዝ ይሰማኝ ነበር።

«ታዲያ አንቺም ክርንሽን ሰብስቢ» አለኝ።

«አልሰበስብም» አልኩትና መላጊያዬን አነሳሁ።